ስለ ጥንታዊ የእንጨት ሥራ ምርመራ

የጎንደርን ደብረ ብርሃን ሥላሴ የሚሳለም ሰው ዓይኑን ወደ ጣራው ባነሣ ጊዜ፣ ባለ ክንፍ የመላእክት ፊቶች በየረድፉ ሆነው ይመለከቱታል። ሥራው ሁሉ የቀዳማዊ ዐፄ ኢያሱ ዘመን ነው እየተባለ ሲነገር ኖሯል። ዳሩ ግን ንጉሡ ያሳነጹት ክብ ቤተ ክርስቲያን በፈረንጆች አቆጣጠር በ1707 በመብረቅ እንደ ጠፋ ይነገራል፤ ዛሬ የቆመውም ባለ አራት ማዕዘን ሕንፃ ከዚያ በኋላ የተሠራ ነው። እንግዲህ ስለ ጣራው ሊፈርድ የሚወድ ሰው ከውዳሴው አስቀድሞ ዕድሜውን ሊጠይቅ ይገባዋል።

የእንጨትን ዕድሜ የሚለይ የካርቦን 14 ምርመራ አለ። ዛፍ በሕይወት ሳለ ይህን ካርቦን ከአየር ይስባል፤ ከሞተ በኋላ ግን አይጨምርም፤ የነበረውም በ5,730 ዓመት እኩሌታው ይጠፋል። ስለዚህ ከጥቂት ስንጣሪ ውስጥ የቀረው መጠን ዘመኑን ያስረዳል። ነገር ግን ይህ ብልሃት የሚመሰክረው ዛፉ ያደገበትን ዘመን ነው እንጂ ጠራቢው መጥረቢያውን ያነሣበትን ቀን አይደለም። ከፈረሰ ቤት የተረፈ ጽድና ወይራ ለአዲስ ጣራ ቢውል፣ እንጨቱ ከሥዕሉ ይልቅ አርጅቶ ይገኛል። ስለዚህ የእንጨቱ ምስክርነት ከቀለሙና ከጽሑፉ ምስክርነት ጋራ መመዛዘን አለበት።

ለዚህም ላስታ መልካም ምሳሌ ነው። በላሊበላ ሦስት አብያተ ክርስቲያናት በእንጨት ላይ ተቀርጾ የሚገኘው የግእዝ ጽሑፍ በ1984 በፈረንጆች አቆጣጠር ታትሟል። በዚያ የጠራቢው እጅና የጸሐፊው ቃል በአንድ ገላ ላይ ስለ ተገናኙ፣ መርማሪው በካርቦን ብቻ አይመራም።

አንዳንድ ካህናት ምርመራ ትውፊትን ያፈርሳል ብለው ይሠጋሉ። የአባ ገሪማ ወንጌል ግን ተቃራኒውን አሳይቷል። ብዙ ሊቃውንት የ11ኛው መቶ ዓመት ገደማ ሥራ ነው ሲሉት የነበረው ብራና በኦክስፎርድ ቢመረመር ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዓመት ባለው ዘመን ውስጥ ተገኘ፤ የገዳሙም ትውፊት ከሊቃውንቱ ግምት ይልቅ ለእውነት የቀረበ ሆነ።

ሆኖም ምርመራ ወሰን አለው። ታቦት ከካህን በቀር ማንም የማይነካው ነውና፣ መርማሪው በዚህ ደጅ ሊቆም ይገባዋል። ካህናቱም በበኩላቸው ጣራ ሲታደስ የወለቀውን አሮጌ እንጨት ለማገዶ ከመስጠት ይልቅ፣ ከየት እንደ ወለቀና መቼ እንደ ተለወጠ ጽፈው ቢያኖሩት፣ ለሚመጣው ትውልድ ከብዙ ውዳሴ የሚበልጥ ምስክር ያተርፋሉ።