ከእናት አፍ እስከ ሰው ቤት

ሐዋሳ አሞራ ገደል ቁጭ ብሎ ቆሮሶ ያጣጣመ ሰው ስፍር ቁጥር የለውም። ያቺው ቆሮሶ ልጆቿን አፏ ውስጥ አቅፋ የምታሳድግ መሆኗን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። እንቁላሏን ትጥላለች፣ ወዲያው በአፏ ትለቅማለች፣ ጫጩቶቹ ራሳቸውን ችለው እስኪዋኙም ምግብ ቀመሰች ማለት አይቻልም። የጣናዋም፣ የዝዋይዋም፣ የጫሞዋም ጠባይዋ አንድ ነው።

ቆሮሶ ሲክሊድ የሚባለው የዓሣ ቤተሰብ አባል ናት። ከዚህ ቤተሰብ ለዓይን ተብለው ቤት ውስጥ ከሚቀመጡት መካከል ስመ ጥሮቹ የማላዊ ሐይቅ ዓሦች ናቸው። በዚያ አንድ ሐይቅ ውስጥ ከ800 በላይ የሲክሊድ ዝርያ እንዳለ ይገመታል፤ አብዛኞቹም እንደ ቆሮሶ በአፍ ያሳድጋሉ። ላስ ቬጋስ፣ ስፕሪንግ ቫሊ ውስጥ፣ ሌሊት ታክሲ ሲነዳ የሚያድር አንድ ወገናችን ከእነዚህ አንዱን ያራባል። ዓሣው ቢጫ ላብ ይባላል፤ የሳይንስ ስሙ ላቢዶክሮሚስ ኬሩሌየስ ነው። እነዚህ ዓሦች ወንድና ሴት ሆነው ንጹሕ ውሃ ካገኙ መራባታቸው አይቀርም፤ ለዚያ ባለሙያ አያስፈልግም። የሰውየው ሙያ የሚታየው ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ በሚሠራው ነው።

ሥራው የሚጀምረው ከውሃው ነው። ላስ ቬጋስ የኖረ ሰው ማንቆርቆሪያው ሥር የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት ያውቀዋል። የከተማው ውሃ 90 በመቶ ገደማ ከኮሎራዶ ወንዝ፣ በሚድ ሐይቅ በኩል የሚመጣ ነው። ወንዙ ድንጋይ ለድንጋይ ሲጓዝ ያሟሟው ማዕድን፣ በካልሲየም ካርቦኔት ሲሰላ፣ በሊትር 280 ሚሊግራም አካባቢ ይደርሳል። ለሻይ የማይመች ውሃ ነው፤ ለማላዊ ዓሣ ግን ፒኤቹ 8 አካባቢ መሆኑ የተወለደበትን ሐይቅ ያስታውሰዋል። ማዕድኑ ከሐይቁ ቢበዛም ዓሣው ይችለዋል።

ችግሩ በረሃው ነው። አየሩ ደረቅ ስለሆነ ገንዳው ሁልጊዜ ይተናል፤ ውሃው ሲተን ማዕድኑ እዚያው ይቀራል። ጀማሪ የጎደለውን በቧንቧ ውሃ ይሞላና ሳያውቀው ጨው ላይ ጨው ይጨምራል። ወገናችን ሁለቱን ሥራ ለያይቷል። የተነነውን የሚተካው በሪቨርስ ኦስሞሲስ በተጣራ ውሃ ነው፤ የቆሸሸውን የሚቀይረው ክሎሪኑ በመድኃኒት በተገደለ የቧንቧ ውሃ ነው። እያንዳንዱ ገንዳ ጎን ላይ በቀጭን ፕላስተር የተለጠፈ መስመር አለ፤ ውሃው ከመስመሩ ምን ያህል እንደወረደ አይቶ ባልዲ ያነሳል። በሐምሌ ከ"ቀዝቃዛው" ቧንቧ የሚወርደው ውሃ ራሱ ለብ ያለ ስለሆነ፣ ቴርሞሜትር ሳያስነካ አንድ ጣሳ እንኳ አይጨምርም። ጋራዡ ባዶ ነው። ከ43 ዲግሪ በላይ በሚወጣ የበጋ ሙቀት ጋራዥ ውስጥ ዓሣ አይኖርም ብሎ፣ መኝታ ክፍል ለዓሦቹ ለቅቆ አየር ማቀዝቀዣ አስገብቶላቸዋል።

ዓሦቹ ሲገናኙ ማየት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ወንዱ ድንጋይ ሥር ያለውን አሸዋ ይጠርግና ገላውን እያንቀጠቀጠ ሴቷን ይጠራታል። ሁለቱ ክብ ሠርተው ይዞራሉ። እሷ አንድ ሁለት እንቁላል ትጥልና ወዲያው ዞራ ትለቅማለች። ወንዱ ከሆዱ በስተኋላ ባለው ክንፍ ላይ እንቁላል የሚመስሉ ነጠብጣቦች አሉት። እሷ እነሱንም ልትለቅም አፏን ስታስጠጋ ዘሩን ይለቃል፤ እንቁላሎቹ አፏ ውስጥ እንዳሉ ይጸነሳሉ። የእነዚህን ነጠብጣቦች ሥራ ጀርመናዊው ተመራማሪ ቮልፍጋንግ ቪክለር በ1962 በጽሑፍ አስረድቶታል።

ቆሮሶ በአንድ ጊዜ በመቶዎች የሚቆጠሩ ትናንሽ እንቁላሎች ትይዛለች። ቢጫ ላብ ከ10 እስከ 25 ቢሆን ነው፤ እያንዳንዱ ግን ምስር ያህላል፣ ውስጡም ስንቅ የሚሆን አስኳል ሞልቶታል። ባለሙያው እንቁላል የያዘችውን የሚለየው ከጉሮሮዋ ነው። ታችኛው መንጋጋዋ ሙሉ በሙሉ አይገጥምም። ከአገጯ ሥር ያለው ቆዳ ወጠር ብሎ ወደ ታች ይወርዳል። በየጥቂት ሰከንዱ የምታኝክ ትመስላለች፤ እንቁላሎቹን እያገላበጠች ነው። ካላገላበጠቻቸው አየር ያጥራቸዋል፣ ሻጋታም ይይዛቸዋል። ምግብ ሲበተን ሌሎቹ ሲሻሙ እሷ ድንጋይ ተጠግታ ትቀራለች።

ይህን ሲያይ ቀኑን ፕላስተር ላይ በእርሳስ ይጽፍና ይተዋታል። ይህ መተው ከሥራው ሁሉ ከባዱ ነው። ቶሎ የተነካች እናት እንቁላሉን ትተፋለች ወይም ትውጣለች። እንቁላሎቹ በመጀመሪያው ሳምንት ይፈለፈላሉ፤ ጫጩቶቹ ግን አስኳላቸውን ሆዳቸው ላይ ተሸክመው እዚያው አፏ ውስጥ ይቆያሉ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ የተወጠረው ቆዳ ከመሳሳቱ የተነሳ ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች ያሳያል። የጫጩቶቹ ዓይኖች ናቸው። ያኔ መብራቱን አጥፍቶ፣ እሷ ደንዘዝ ስትል፣ ሳያስደነግጥ በመረብ ያነሳታል። እጁን አስቀድሞ ያርሳል፤ ደረቅ እጅ የዓሣን ገላ የሚጠብቀውን ልጋግ ይገፍፋልና። ከገንዳው የተቀዳ ውሃ ባለበት ሳህን ላይ አፏን ወደ ታች አድርጎ፣ ታችኛውን ከንፈሯን ለስላሳ በሆነ የፕላስቲክ ጫፍ ሳብ ያደርገዋል። አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያ ብዙ ሆነው ይወርዳሉ፤ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል የሆኑ፣ ዓይናቸው የጎላ ፍጥረቶች። እናትየዋን ለብቻዋ ለጥቂት ቀን ቀልቦ ወደ ጓደኞቿ ይመልሳታል፤ ብዙ ካቆያት በመንጋው ውስጥ የነበራትን ቦታ ታጣለች።

ጫጩቶቹ የሚበሉት አርቴሚያ የሚባል ጥቃቅን የጨው ውሃ እንስሳ ነው። እንቁላሉ በብዛት ከሚሰበሰብባቸው ቦታዎች አንዱ የኔቫዳ ጎረቤት የሆነችው የዩታ ታላቁ የጨው ሐይቅ ነው። በጨው ውሃ፣ አየር እየተነፋበት፣ በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ይፈለፈላል። ባለሙያው የጠርሙሱን አንድ ጎን በባትሪ ያበራል፤ ጥቃቅኖቹ እንስሳት ወደ ብርሃኑ ሲሰበሰቡ ቀፎው ወደ ኋላ ይቀራል። ቀፎውን ጫጩት ከዋጠው አንጀቱን ሊዘጋው ይችላል። ጫጩቶቹ መብላታቸውን ለማወቅ ሆዳቸውን ማየት ይበቃል፤ ሁሉም ብርቱካንማ ሆኗል።

አደግ ሲሉ ምርጫው ይመጣል። የማላዊ ዓሦች በጠባብ ገንዳ ሲቀላቀሉ ዝርያ ከዝርያ ይደባለቃል፤ ቢጫ ላብ ተብሎ ከሚሸጠው ውስጥ ዲቃላ ሞልቷል። ስለዚህ በአንድ ገንዳ ከአንድ ዝርያ በላይ አያኖርም። እንደዚያም ሆኖ እያንዳንዱን ጫጩት ከመስታወት አስጠግቶ ያያል። የጀርባ ክንፉ ላይ ያለው ጥቁር መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ መቀጠሉን፣ ጎኑ ላይ ደብዘዝ ያለ ሽንትር አለመኖሩን፣ አፍንጫው ሾል ማለቱን ይመረምራል። አከርካሪው የጎበጠውንና ስንጥቡ የማይከደነውን ለማንም አይሰጥም፤ ለትልልቆቹ ዓሦች ምግብ ያደርገዋል። ሲናገረው አይሽኮረመምም።

አንድ እሑድ አንዲት እናት ልጇን ይዛ መጣች።

"ገንዳችሁ ስንት ጋሎን ነው?" አላት።

"አሥር።"

"አሥር ለእነዚህ አይሆንም እህቴ። ይገዳደላሉ።"

"አስጨንቆኝ ነው እኮ ጋሼ፣ ሁለት ብቻ ስጠው።"

"ሁለት ከሆኑማ አንዱ ሌላውን ይጨርሰዋል። ሃምሳ አምስት ጋሎን ስታገኙ ኑ። ያኔ ስምንቱን በነፃ እሰጠዋለሁ።" ወደ ልጁ ዞር ብሎ፣ "እስከዚያ ስለ ናይትሮጅን ዑደት አንብበህ ትጠብቀኛለህ" አለው።

ሃምሳ አምስት ጋሎን ከ200 ሊትር ጥቂት የሚበልጥ ነው። ከፋ ብሏቸው ሄዱ፤ እሱም ቢሆን መሸጥ አልጠላም። ገንዳ ያለው ሰው ሲመጣ ግን አሸኛኘቱ ሌላ ነው። ዓሦቹን አንድ ቀን ያስጾማቸዋል፣ ቆሻሻቸው ከረጢቱ ውስጥ ያለውን ውሃ እንዳይመርዘው። ከረጢቱ አንድ እጅ ውሃ፣ ሁለት እጅ አየር ነው፤ ጥግ ጥጉ ተቋጥሯል፣ ዓሣ እንዳይሰነቀርበት። ላዩ ላይ ዝርያውና የተወለደበት ወር ተጽፏል። በበጋ በስታይሮፎም ሳጥን አድርጎ የሚያስረክበው ፀሐይ ሳትከር ነው፤ ቀን ላይ የቆመ መኪና ውስጡ ዓሣ ይገድላል። ለቤተሰቦቹም ለዓሣ መደብሮቹም የሚነግራቸው አንድ ነው፤ ባይመቻችሁ ለእኔ መልሱ፣ ውሃ ውስጥ አትልቀቁ።

ይህን የሚለው ከንቱ ፍርሃት ይዞት አይደለም። ከላስ ቬጋስ በስተሰሜን ምሥራቅ ባለው የመዲ ወንዝ ምንጮች ውስጥ ሞአፓ ዴስ የምትባል ትንሽ ዓሣ ትኖራለች። ከዚያ በቀር በዓለም የትም የለችም፤ አደጋ ላይ ካሉ ዝርያዎች መዝገብ የገባችውም በ1967 ነው። በ1990ዎቹ ሰማያዊ ቲላፒያ ወንዙ ውስጥ ገብቶ ሲሠራጭ ቁጥሯ አሽቆለቆለ። ሰማያዊ ቲላፒያ የቆሮሶ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ልጆቹንም በአፍ ያሳድጋል። በሚድ ሐይቅ መናፈሻ ክልል ያለው ሮጀርስ ስፕሪንግ የተባለ ሙቅ ምንጭም ከሰው እጅ በወጡ የሞቃት አገር ዓሦች ተሞልቷል።

እዚህ ላይ ነው የባለሙያው ሥራ ትርጉም የሚያገኘው። በአፍ የምታሳድግ ዓሣ ብርታቷ አለማባከኗ ነው፤ ጥቂት ትወልዳለች፣ ከጥቂቱም ብዙው ይተርፋል። ይኸው ብርታት ከገንዳ ሲወጣ ጠንቅ ይሆናል፤ ገንዳ ውስጥም ቢሆን በጥቂት ወር ቤቱን ያጥለቀልቃል። እናትየዋ ልጆቿን የምትጠብቀው ከአፏ እስኪወጡ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው የሰውየው ዕዳ ነው። አሁን ወንዶቹን ከሴቶቹ ለይቶ አስቀምጧል። መደርደሪያው ላይ ያሉት ስልሳ ያህል ጫጩቶች ሁሉም ቤት ካላገኙ አያገናኛቸውም። ማራባት የሚችል ብዙ ነው፤ እንዲህ መቼ ማቆም እንዳለበት የሚያውቀውን ነው እኔ ባለሙያ የምለው።