የሰንጠረዥ ሰንጠረዥ

ጥያቄውን ያነሳው ቼዝን በስልኩ የለመደ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነው። ወላይታ፣ ሻንቶ ውስጥ እንጨት ጠራቢው ደጃፍ ተቀምጦ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ሲያነብ ቆየና «ጋሼ፣ ዘንድሮ ስንት አሸነፉ?» አለ።

ወረቀቱ የዓመቱ ዕቅድ ክንውን ነው፤ በመሥሪያ ቤት ቋንቋ ሰንጠረዥ። ስለ ሰንጠረዥ ሰንጠረዥ መሥራቱ ጠራቢውን ራሱን ያስቀዋል። አማርኛ ለሐበሻው የቼዝ ጨዋታም ለተሰመረውም ወረቀት አንድ ስም ሰጥቶ እሱ ምን ያድርግ?

ክንውኑን የሚገመግመው ለወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ለጊፋታ ነው። በዓሉ ከመስከረም 14 እስከ 20 ባለው እሑድ ይውላል፤ ወላይታም ሒሳቡን የሚያወራርደው ያኔ ነው። ሴቶች ለቅቤ፣ ወንዶች ለሰንጋ ሲቆጥቡ የከረሙት ይወጣል፣ ዕዳ ይከፈላል፣ የተጣላ ይታረቃል። የጠራቢው ዕዳ ደግሞ ይኸውና፦ ዕቅድ፣ 32 ጠጠር ከዋንዛ መጥረብ፤ ክንውን፣ 21። የሁለት ፈረሶች ጆሮ ተሰብሯል። ይህን ዓምድ በአንድ ትንፋሽ ያልፈዋል።

ቁጥር ማምለክ የእሱ አገር በሽታ ብቻ አይደለም። በ1983 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ የወጣው ዋርሃመር የተባለ የጦርነት ጨዋታ አፍቃሪዎች ዓመቱ ሲጀምር ስንት ትንንሽ ወታደር ቀለም እንደሚቀቡ ያቅዳሉ፤ ሲያልቅ ያልተቀባው ክምር ጨምሮ ይገኛል። ያም ጨዋታ የቼዝ ዘር ነው። በ1780 እ.ኤ.አ. ሄልቪግ የተባለ ጀርመናዊ የቼዝን ገበታ አስፍቶ መድፍና እግረኛ ጦር አስገባበት፤ የጦርነት ጨዋታ ከዚያ ወዲህ ሰፋ።

ለልጁ የመለሰለት ግን ሌላ ነው። «ስንት አትበለኝ፤ በምን በለኝ።»

በሐበሻ ሰንጠረዥ ንጉሡን በደር (በግንቡ) ወይም በፈረስ ማት ማለት ወግ የጎደለው ድል ነበር። በፊል ወይም በፈርዝ ከሆነ ያስመሰግን ነበር፤ በሁለት ሜደቅ (በእግረኛ ወታደር) ከሆነ ይጨበጨብ ነበር። ፈርዝ እንደዛሬዋ ንግሥት ገበታውን አትጠርግም፤ በሰያፍ አንድ እርምጃ ብቻ ናት። ፊልም በሰያፍ ሁለተኛዋ ቤት ላይ ዘሎ ከማረፍ በቀር ሌላ አያውቅም። በደካማው መግደል እንግዲህ ጥበብ ይጠይቃል። ሹማምንቱ ሁሉ አልቀውበት ብቻውን የቀረ ንጉሥ ደግሞ ማት አይባልም። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. ስለዚህ ጨዋታ ታሪክና ሕግ ሰፊ ጥናት ጽፈዋል፤ ዐፄ ልብነ ድንግል ከአንድ የቬኒስ ሰው ጋር ይጫወቱ እንደነበርም ተመዝግቧል።

ስለዚህ የጠራቢው ሰንጠረዥ እንዲህ ይነበባል፦ ጨዋታ 46፣ ድል 19፤ ከዚያ ውስጥ በደር 14፣ በፈረስ 3፣ በፊል 2፣ በሜደቅ ምንም። «ያሸነፍኩት ሁለት ነው» አለ። ልጁ ሳቀ፤ ስልኩ ቢሆን 19ኙንም ይቆጥርለት ነበር። ጠራቢው ግትር ነው፤ 17ቱን እንደ ተበደረ ቅቤ ያያቸዋል።

ካምናው ወረቀት ግን ያልቀደደው አንድ መስመር አለ። ስምንት ዓመት አብረውት የተጫወቱ ጡረተኛ መምህር በሁለት ሜደቅ ማት ያሉበት ቀን ነው። አዛውንቱ ያን ዕለት አልፎከሩም፤ ቡናቸውን ጠጥተው፣ ሁለቱን ጠጠር በጣታቸው ጠርገው መልሰው አስቀመጡ። ግንቦት ላይ አረፉ። ከ46ቱ ጨዋታ 40ው ከዚያ በፊት የተደረገ ነው፤ ያልተጠረቡት የ11ዱ ጠጠር ጉዳይም ቢሆን የዋንዛ እጥረት አልነበረም።

ልጁ ይህን አልጠየቀም። ቀዩን ጨርቅ ዘርግቶ፣ ለጎደሉት ጠጠሮች ቆርኪ ተክቶ ሲያበቃ ማን ይጀምራል ብሎ ተራውን ጠበቀ። ጠራቢው ወረራ የሚባለውን አጀማመር አስረዳው፦ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ የለም፤ ሁለቱም እንዳሻቸው ያንቀሳቅሳሉ፣ የባላጋራን አሰላለፍ እያዩ የራሳቸውን ያፈርሳሉ፣ ይሠራሉ። ልጁ አላመነም። ጠራቢው ማብራራቱን ሳይጨርስ ግን ሦስት ሜደቅ ገፍቶ፣ አንድ ቆርኪ ፊል ከኋላቸው አሰልፎ ነበር።