«ታላቁ ካሩሶ» እና የሦስት ዓመት ትዝታ

በሪቻርድ ቶርፕ አዘጋጅነት እ.ኤ.አ. በ1951 የወጣው «ታላቁ ካሩሶ» የእውነተኛ ዘፋኝ ስም ይዞ በአመዛኙ ልብ ወለድ የሚተርክ የሙዚቃ ፊልም ነው። «ፊልም የታሪክ መጽሐፍ አይደለም» እያሉ የሚከራከሩን ወዳጆች አሉ፤ ይህን እኛም አንክድም። ቅር ያሰኘን የተጨመረው ሳይሆን የተቀነሰው ነው።

ኤንሪኮ ካሩሶ በ1873 በናፖሊ ተወልዶ በ1921 እዚያው ሞተ። ፊልሙ የተመሠረተው ሚስቱ ዶሮቲ በ1945 ባሳተመችው መጽሐፍ ላይ ነው። ዶሮቲ ግን ያገባችው በ1918 ስለ ነበረ በሚስትነት አብራው የኖረችው ሦስት ዓመት ያህል ብቻ ነው። ሚስት ያየችውን ብትጽፍ ማንም አይነቅፋትም። ፊልሙ ግን እነዚህን ሦስት ዓመታት የሰውየው ሕይወት በሙሉ አደረጋቸው። ካሩሶ ከዚያ አስቀድሞ ከዘፋኟ ከአዳ ጃኬቲ ጋር ብዙ ዓመት ኖሮ፣ ሁለት ወንዶች ልጆች አፍርተው ነበር። በፊልሙ ውስጥ እናቲቱም ልጆቹም የሉም። (የገድል ጸሐፊ እንኳ የጻድቁን ፈተና አይሸሽግም።) ታናሹ ልጅ ኤንሪኮ ፊልሙ ሲወጣ በሕይወት ነበረ፤ ይኸው ሰው የአባቱ ታሪክ ሲታይ ራሱን ፈልጎ የሚያጣ ተመልካች ሆነ ማለት ነው።

ስለ አሟሟቱም እንዲሁ ነው። በፊልሙ ካሩሶ «ማርታ» የተባለውን ኦፔራ ሲዘፍን በመድረክ ላይ ይወድቃል፤ ፍጻሜውም ይኸው ይሆናል። በእውነቱ ግን በታኅሣሥ 1920 በብሩክሊን ጉሮሮው እየደማ ዘፈነ፤ ትርኢቱም ከመጀመሪያው ክፍል በኋላ ተቋረጠ። በዚያው ወር በሜትሮፖሊታን እንደ ገና ወጥቶ ዘፈነ። ከዚያ በኋላ ወራት የፈጀ ሕመምና የሐኪም ቢላዋ ጠበቀው። መሞቱን እያየ የሚዘገይ ሰው ለሲኒማ አይመችም ብለው ይሆናል፤ ለእኛ ግን ከመድረኩ ሞት ይልቅ ይህ ያሳዝናል።

በድምፁ በኩል ግን ፊልሙን የምንነቅፍበት ነገር የለንም። ማሪዮ ላንዛ ካሩሶ በሞተበት ዓመት የተወለደ ነው፤ የሚዘፍነውም በራሱ ጉሮሮ እንጂ ከሸክላ በተቀዳ ድምፅ አይደለም። እርሱ አፉን ሲከፍት የደራሲዎቹን ጥፋት ለጊዜው እንረሳለን፤ መዝሙሩ ሲያበቃ ግን ንግግሩ ይቀጥላል።

ልጁ ኤንሪኮ ስለ አባቱና ስለ ቤተ ሰቡ ከአንድሩ ፋርካስ ጋር የጻፈው መጽሐፍ በ1990 ታትሟል። እስከ ዛሬ በሰፊው የሚታወቀው ግን ፊልሙ ነው።