«ሲከንፍ» ያልኩት እኔ ነበርኩ

የትራፊክ አደጋ መርማሪ ሆኜ አዲስ አበባ ውስጥ በሠራሁባቸው ዓመታት ሜትር አስቸግሮኝ አያውቅም። ጎማው የቆመበትን በጠመኔ ከብቤ፣ የፍሬኑን ምልክት ለክቼ፣ ፕላን አንስቼ እገላገላለሁ። ከባዱ ቃል መቀበል ነው። አስፋልት ጥያቄዬ ውስጥ ያስገባሁትን ቃል መልሶ አይነግረኝም። ሰው ግን ይነግረኛል።

አንድ ቀን ሚኒባስ አንድ ተማሪ ገጭቶ እግሩን ሰበረው። ከሁሉ ቅርብ የነበሩት በቆሎ የሚጠብሱ ሴት ናቸው። እጃቸው እየተንቀጠቀጠ፣ «ድምፅ ሰምቼ ዞር ስል ልጁ መሬት ላይ ነው፤ አንድ እግር ጫማው እዚህ ከሰሉ ጋ ወድቋል» አሉኝ። ጫማው ቡናማ እንደሆነ፣ ክሩ እንዳልተፈታ ሳይቀር ነገሩኝ። እኔ ደግሞ መንገዱ ተዘጋግቶ ጡሩምባው ሲያጣድፈኝ፣ «ለመሆኑ እናቴ፣ ሚኒባሱ ሲከንፍ የመጣው ከየት በኩል ነው?» አልኳቸው። «ከላይ በኩል» አሉ። ጻፍኩ፤ አስፈረምኩ።

ከወራት በኋላ ችሎት ፊት ምለው፣ «ሲከንፍ ሲመጣ በዓይኔ አይቻለሁ» አሉ። የሾፌሩ ጠበቃ በመስቀለኛ ጥያቄ ያዛቸው።

«ድምፅ ሰምተው ነው የዞሩት?»

«አዎ።»

«ታዲያ ሲመጣ በምን አዩት?»

ዝም አሉ። የፍሬኑ ምልክት ደረቅ አስፋልት ላይ 6 ሜትር ብቻ ነበር፤ በሰዓት ከ35 ኪሎ ሜትር ብዙም የማይበልጥ ፍጥነት ማለት ነው። ከኋላዬ አንዱ «የሐሰት ምስክር» ሲል ሰማሁ። ሴትዮዋ ግን አልዋሹም። «ሲከንፍ» የሚለው ቃል የእኔ ነው። ያን ቀን ተቀበሉኝ፤ ውሎ ሲያድር ያዩት ሆነ።

አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤሊዛቤት ሎፍተስ ከጆን ፓልመር ጋር እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጣችውን ጥናት ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው። ለተማሪዎች የመኪና ግጭት ፊልም አሳይተው ፍጥነቱን ጠየቋቸው። «ሲነካኩ» ተብለው የተጠየቁት በአማካይ 51 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲገምቱ፣ «ሲላተሙ» የተባሉት 66 አደረሱት። በሌላ ዙር፣ ከሳምንት በኋላ የተሰበረ መስታወት አይተው እንደሆነ ተጠየቁ። «ሲላተሙ» ከተባሉት 50 ሰዎች 16ቱ፣ «ሲጋጩ» ከተባሉት 50 ደግሞ 7ቱ አይተናል አሉ። ፊልሙ ላይ አንድም የተሰበረ መስታወት አልነበረም። በአማርኛችንማ ነገሩ ይብሳል፦ ነካው፣ ገጨው፣ ላተመው፣ ደፈጠጠው፤ እያንዳንዱ የራሱን ፍጥነት ይዞ ይመጣል።

ያም ማንም ያልደማበት ፊልም ነው። ድንጋጤ ሲጨመርበት ምን እንደሚሆን ተመራማሪው ቻርልስ ሞርጋንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2004 አሳይተዋል። ጠላት ቢማርካቸው መቋቋምን በሚማሩበት ሥልጠና ላይ የነበሩ ከ500 በላይ የአሜሪካ ወታደሮች ፊት ለፊት ተመረመሩ፤ በአንዱ ምርመራ እየተገፈተሩ፣ በሌላው ያለ ጉልበት። በማግሥቱ መርማሪዎቹ ከሌሎች ጋር በአካል ተሰልፈው ከቀረቡላቸው መካከል፣ ያላስጨነቃቸውን 62 በመቶው ለዩት፤ የገፈተራቸውን የለዩት 30 በመቶው ብቻ ናቸው። «ያስጨነቀኝን ሰው መልኩን እስክሞት አልረሳውም» የሚል ምስክር ሲገጥመኝ ይህ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ድንጋጤ ሁሉንም ያጠፋል ማለቴ አይደለም። ጫማው እኮ ሴትዮዋ ያሉት ቦታ ነበር፤ ክሩም እንደታሰረ ነው። ፍርሃት ዓይንን አንድ ነገር ላይ ይቸነክረዋል፤ ዳር ዳሩ ክፍት ይቀራል። ክፍቱን ቀድሞ የደረሰ ይሞላዋል፦ ወይ ከቦ የሚያወራው ሕዝብ፣ ወይ እንደ እኔ ያለ የቸኮለ መርማሪ።

ከዚያ ወዲህ ምስክርን መጀመሪያ ከሕዝቡ ፈቀቅ አደርጋለሁ። ውኃ ይምጣላቸው እላለሁ፤ የሚንቀጠቀጥ ሰው ላይ ከጮኹበት ያየውም ይጠፋበታል። ከዚያ «ያዩትን ይንገሩኝ» ብዬ አፌን እዘጋለሁ። ዝምታው ያስጨንቃል፤ ባልደረቦቼ ጊዜ ትፈጃለህ ይሉኝ ነበር፤ እውነታቸውን ነው። ቃሉንም በሰውዬው አነጋገር እጽፋለሁ፤ «ድው አለ» ካለኝ «ተጋጨ» ብዬ አላቃናውም።

እናንተም አደጋ ካያችሁ፣ ከሰው ጋር ሳታወሩ ያያችሁትን ስልካችሁ ላይ ጻፉት። መርማሪው ሲጠይቃችሁ ያላያችሁትን «አላየሁም» በሉ። እሱም ቃል ነው፤ ይጻፋል።