ከቅኔ ቤት የሚገኝ የደራሲ መሣሪያ

ብዕር ለመያዝ የሚነሣ ወጣት ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ዕቃው ነው፤ ምን ዓይነት ደብተር ልግዛ፥ በኮምፒዩተር ይሻላል ወይስ በእጅ ስልክ፥ ይላል። ጥያቄው ፈጽሞ የሚናቅ አይደለም። የቀደመው የቁም ጸሐፊ ብራናውን ፍቆ፥ መስመሩን በወስፌ አስምሮ፥ ቀለሙን ከጥላሸትና ከተቈላ እህል በጥብጦ፥ የመቃ ብዕሩን ቀርጾ ነበር ለሥራ የሚቀመጠው፤ አንዲት ፊደል ብትሳሳትበትም በካራ መፋቅ ግድ ይሆንበት ነበርና ቃሉን ሳይመዝን አይጽፍም። ነገር ግን ይህ ሁሉ የገልባጭ መሣሪያ ነው። የደራሲው መሣሪያ ከዚህ የተለየ ነው፤ እርሱንም ለመፈለግ የጎጃም ሰው ከአገሩ መውጣት አያስፈልገውም፤ ዋሸራና ጎንጅ በደጁ ናቸውና።

የቅኔ ተማሪ ግሱንና አገባቡን ካጠና በኋላ፥ መምህሩ የዘረፉትን ሰምቶ፥ ከሰው ተለይቶ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ የራሱን ቅኔ ይቈጥራል። ሁለት ቤት ካለው ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት እስካለው እስከ መወድስ ድረስ በየደረጃው ይወጣል። በእጁ ወረቀት የለም፤ ቃሉን በጆሮው ይመዝነዋል፥ በልቡም ይይዘዋል። ዛሬ መንፈሱ አልመጣልኝም ብሎ መቅረት አይችልም፤ የነገራው ሰዓት ሲደርስ ከመምህሩ ፊት መቆም አለበትና። መምህሩም ቤት ያልመታውን፥ ምሥጢር ያልያዘውን፥ ከሌላ ሰው የተወሰደውን ሁሉ በጓደኞቹ ፊት ይነቅፉበታል። ለጀማሪ ደራሲ ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው የትኛው ልማድ ነው የሚለኝ ቢኖር፥ ነገራው ነው እላለሁ። የዛሬው ወጣት የሚጽፈው አያንስም፤ ነገር ግን ጽሑፉን የሚያሳየው ለሚያመሰግኑት ወዳጆቹ ብቻ ነው፤ እነርሱም ገና ሳያነቡት እጅግ መልካም ነው ይሉታል።

በቅኔ ቤት ልማድ ያደገ ሰው ወደ አማርኛ ዝርው ጽሑፍ ሲገባ ምን ይዞ እንደሚመጣ በክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ ሥራ ይታያል። እኒህ ሰው በ1902 ዓ.ም. በደብረ ማርቆስ አካባቢ በእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወልደው፥ በደብረ ኤልያስ፥ በደብረ ወርቅና በዲማ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተምረዋል። ፍቅር እስከ መቃብር የተባለውን መጽሐፋቸውን ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. ሲሆን፥ ዕድሜያቸው ያን ጊዜ ከኀምሳ ዓመት አልፎ ነበር። ከዚህም ዐሥር ዓመት አስቀድሞ፥ በ1948 ዓ.ም.፥ ተረት ተረት የመሠረትን አውጥተዋል። ጀማሪዎች ይህን ቅደም ተከተል ልብ ሊሉት ይገባል፤ ደራሲው የራሳቸውን ረጅም ታሪክ ለሰው ከማቅረባቸው በፊት፥ ባላገር በምድጃ ዳር የሚያወራውን ሰምተው ለቅመዋልና።

ፍሬውም ተገኝቷል። ታሪኩ የሚጀምረው በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል ባለችው በማንኩሳ ነው። የበዛብህ ወላጆች፥ ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ፥ ሲነጋገሩ የዚያ አገር ሰው የገዛ ጎረቤቱን ድምፅ የሚሰማ ይመስለዋል። ልጁን ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት መሳላቸው፥ የቆሎ ተማሪው ኑሮና ስደቱ፥ የባላባቱ ቤት ሥርዓት፥ ይህ ሁሉ ከመጽሐፍ የተቀዳ ሳይሆን በጆሮ የተጠራቀመ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርኩት ፊደል ያልቈጠረው ሕዝብ ሳይቀር መስማቱ የንባቡ ጥበብ ብቻ አይደለም፤ መጽሐፉ ራሱ በጆሮ የተመዘነ ስለ ሆነ ነው።

ሆኖም መጽሐፉ ነውር የለበትም ማለት አይቻልም። ጉዱ ካሣ ስለ ሥርዓትና ስለ ልማድ መናገር በጀመረ ጊዜ ታሪኩ ቆሞ ይጠብቀዋል። ንግግሩ ጥልቅ ነው፤ ብዙ ሰው በቃሉ ይይዘዋል፤ እኔም የሚሻር ነገር አላገኘሁበትም። ነገር ግን ይህ ከቅኔ ቤት ሳይሆን ከዐውደ ምሕረት የመጣ ልማድ ነው። ጉባኤ ቃና በሁለት ቤት የሚጨርሰውን ነገር ስብከት በአንድ ሰዓት አይጨርሰውም።

ይኸው ነውር የበለጠ የሚታየው ደግሞ በአቸፈሩ ተወላጅ በአቶ አቤ ጉበኛ ሥራ ነው። ዱርቤቴ የአቸፈር ከተማ ስለ ሆነች የአገሬው ወጣት ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠራው እርሳቸውን ነው፤ መጥራቱም ይገባዋል። በ1925 ዓ.ም. ተወልደው በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደጉት አቶ አቤ፥ የመንግሥት ሥራቸውን ትተው በብዕራቸው ለመኖር የደፈሩ፥ በ1955 ዓ.ም. ያወጡት አልወለድም የተባለው መጽሐፋቸውም በመንግሥት የተከለከለባቸው ሰው ናቸው። ድፍረታቸውን ማንም አይነሣቸውም። ግን ይቸኵላሉ። ቍጣው ትኵስ እንደ ሆነ ከብዕር ወደ ማተሚያ ቤት ይሄዳል፤ ሰዎቻቸውም ብዙ ጊዜ በየራሳቸው አንደበት ሳይሆን በደራሲው አንደበት ይናገራሉ። ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ በጻፉት በአንድ ለእናቱ፥ በ1961 ዓ.ም.፥ የታሪኩ ክብደት ብዕራቸውን ስለ ያዘው በእኔ አስተያየት ከሌሎቹ ይልቃል።

እዚህ ላይ የቅኔ ቤት ልማድ ራሱ ጉድለት እንዳለበት መናገር ይገባል። ቅኔ ለዕለቱ በዓል ተቈጥሮ ከተነገረ በኋላ አይደገምም፤ የትናንቱን ዛሬ መልሶ ማምጣት ነውር ነው። ይህ ለቅኔ ክብሩ ነው፤ ለዝርው ጽሑፍ ግን ጕዳት ነው። ዝርው ጽሑፍ በመጀመሪያው ቀን አያምርም፤ ወር አስቀምጦ እንደ ባዕድ ሥራ ማንበብ፥ የሚቈረጠውን መቍረጥ፥ ሙሉ ምዕራፍ ቢሆንም መጣል ያስፈልገዋል። እንግዲህ ርካሹ ደብተር ጥቅሙ በዚህ ነው፤ የተጻፈውን ለማሳመር ሳይሆን ሰርዞ እንደገና ለመጻፍ። ሰምና ወርቁም እንዲሁ ልክ ያስፈልገዋል። በቅኔ ወርቁ መሰወሩ ያስመሰግናል፤ በታሪክ ጽሑፍ ግን አንባቢው ማን ማንን እንደ ተናገረ ሳያውቅ ቢቀር ምሥጢር ሳይሆን ድንግርግር ነው።

ከካህናት ወገን፥ ልብ ወለድ ያልሆነውን ሆነ ማለት ስለ ሆነ ለክርስቲያን አይገባም የሚሉ አሉ። ጌታችን ስለ ጠፋው ልጅ የተናገረው ምሳሌ የልጁን ስም እንኳ አይነግረንም፤ እውነተኛ አይደለም ብሎ የሚነሣ ግን የለም። የቅኔውም ሰም ቢሆን የተፈጠረ ነገር ነው።

ስለዚህ በዱርቤቴም ሆነ በቡሬ ለሚጽፉ ልጆች ከዕቃ ይልቅ የሚጐድላቸው ሰሚ ነው። የቅኔ መምህራን የተማሪዎቻቸውን ነገራ በሚሰሙበት ጆሮ፥ በሳምንት አንድ ማታ አንድ ገጽ አማርኛ ቢሰሙ፥ የላላውን ላላ ቢሉት፥ የተሰረቀውንም የማን እንደ ሆነ ቢጠይቁ፥ ለዚህ አዲስ ቤት መሥራት አያስፈልግም፤ ቤቱም መምህሩም አሉ።