የቍስል መድኃኒት ዕፀዋት በመጽሐፍና በጓዳ

ስለ ኢትዮጵያ ባህላዊ ሕክምና የተጻፈው ነገር ጥቂት አይደለም። ማርሴል ግሪዮል የአንድ ደብተራን የመድኃኒት መጽሐፍ ወደ ፈረንሳይኛ መልሶ በ1930 በፓሪስ አሳተመ። ስቴፋን ስትረልሲንም የኢትዮጵያን የሕክምና ድርሳናት መርምሮ የሥራውን የመጀመሪያ ክፍል በ1968 በዋርሶ፣ የዕፀዋትን ስምና አገልግሎት የሚመለከተውን ሁለተኛውን ክፍል በ1973 በናፖሊ አወጣ (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓመታቱ ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)። ከዚያ ወዲህ በየወረዳው እየተዞረ የሚሰበሰበው የዕፀዋት ዝርዝር በየመጽሔቱ እየበዛ ሄዷል። እነዚህ ሥራዎች ባይደረጉ ኖሮ ብዙ ዕውቀት ከባለቤቶቹ ጋር ተቀብሮ ይቀር እንደ ነበረ አያጠራጥርም። ነገር ግን ቍስልን የሚመለከተው ክፍላቸው በጥንቃቄ ሲመረመር፣ የዕፁ ስም ተጠብቆ ሕክምናው ራሱ የጠፋበት ስፍራ ብዙ ሆኖ ይገኛል። የዚህ ሒስ ዓላማም ጕድለቱ ከየት እንደ መጣና ምን እንደሚያስከትል ማመልከት ነው።

የመጀመሪያው ጕድለት ቍስልን እንደ አንድ ደዌ መቍጠር ነው። በብዙዎቹ ዝርዝሮች ከዕፁ ስም ትይዩ የሚነበበው «ለቍስል» የሚል አንድ ቃል ብቻ ነው። ዳሩ ግን ምጣድ ያቃጠለው ክንድ፣ ማጭድ የቈረጠው ጣት፣ እሾህ ወግቶት ያበጠ እግር፣ ቡግንጅ፣ ችፌ፣ ቍንጭርና የጭነት ከብት ገጣባ አንድ ነገር አይደሉም፤ አማርኛ ተናጋሪም አንድ ናቸው አይልም። ከዚህም በላይ ቋንቋው የቍስልን ዕድሜና ጠባይ የሚለይበት የራሱ መለኪያ አለው። ቍስል ያዣል፣ መግል ይቋጥራል፣ ያመረቅዛል፣ ቅርፊት ያወጣል፣ ይጠግጋል፣ ይሽራል፣ ሽሮም ያገረሻል። መድኃኒት የምትቀምም ሴት ለሚያዠው ቍስል የሚያደርቅ ዱቄት፣ ደርቆ ለሚሰነጠቀው በቅቤ የተለወሰ መድኃኒት የምትመርጠው በእነዚህ ግሦች እየተመራች ነው። ግሡ ከመዝገብ ሲቀር የምርጫዋ ምክንያት አብሮ ይቀራል።

የቍንጭር ነገር ለዚህ በቂ ምስክር ነው። ይህ የቈዳ ቍስል በደጋው አገር የሚገኝ ሲሆን፣ የአሸዋ ዝንብ በምትባል ጥቃቅን ነፍሳት ንክሻ የሚተላለፍ ነው። በብዙ ሰው ላይ ከብዙ ወራት ወይም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያለ መድኃኒት በራሱ ይሽራል። እንግዲህ ቍንጭርን ከሌላው ቍስል ሳይለይ «ይህ ቅጠል ቍስልን ያድናል» ብሎ የጻፈ ሰብሳቢ፣ ጊዜ የሠራውን ሥራ ለቅጠሉ ሰጥቶት ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ጕድለት ዕፁ የሚለወስበትን ነገር መዘንጋት ነው። የቀጠጥና ሥር ተወቅጦ በቅቤ ይለወሳል፤ ሌላውም ዕፅ በማር ይለወሳል። ሰብሳቢዎቹ ቀጠጥናን በላቲን ስሙ ሲመዘግቡ የሚያሳዩት ትጋት የሚያስመሰግን ነው፤ ቅቤውንና ማሩን ግን መድኃኒቱ እንደሚቀመጥበት ዕቃ ቈጥረው ያልፏቸዋል። ማር የራሱ ኀይል እንዳለው በቤተ ሙከራ ተረጋግጧል። ውሃን ከባክቴርያ ይስባል፤ ኮምጣጣነት አለው፤ በቍስሉ ፈሳሽ በቀጠነ ጊዜም ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ የተባለውን ጀርም ገዳይ ያፈልቃል። ቅቤም ቍስሉን ሸፍኖ እንዳይደርቅ ይጠብቃል፤ ንጹሕ ካልሆነ ግን ጀርም ይዞ ይገባል። እንግዲህ ሕመምተኛውን ያዳነው ቅጠሉ ነው ወይስ ማሩ? ወይስ የሁለቱ መገናኘት? ማሩን ያልመዘገበ ዝርዝር ለዚህ ጥያቄ መልስ ሊሰጥ አይችልም።

ሦስተኛው የዕፁን ክፍልና የመጠኑን ነገር አለመለየት ነው። ለምሳሌ እሬትን ብንወስድ፣ ከቅጠሉ ልጥ ሥር የሚፈሰው ቢጫ ፈሳሽና በመካከሉ ያለው ጥርት ያለ ዝልግልግ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የፊተኛው እናቶች ሕፃን ጡት ለማስጣል የሚቀቡት መራራ ነው፤ ቢዋጥም ሆድ ያስቀምጣል። የኋለኛው ቈዳን የሚያለሰልስ ነው። «የእሬት ቅጠል ለቍስል» የሚል መዝገብ ከሁለቱ የትኛውን እንደሚል አይታወቅም። ከዚህ የባሰም አለ። የአዞ ሐረግ ቅጠል ተጨቅጭቆ በቈዳ ላይ ሲቈይ ያቃጥላል፣ ውሃም ያስቋጥራል። የቍልቋል ወተት ዓይን ውስጥ ቢገባ ለዕውርነት ሊዳርግ ይችላል። በእንዲህ ያለ ዕፅ የሚያክም ሰው ዐዋቂነቱ የሚለካው መድኃኒቱን መቼ እንደሚያነሣ በማወቁ ነው። መቼ እንደሚነሣ የማይናገር መዝገብ የነገሩን ግማሽ ብቻ ተናግሯል፤ የተናገረውም የሚጐዳውን ግማሽ ነው።

የእነዚህ ጕድለቶች ምክንያት ምንድን ነው ቢባል፣ ጠያቂው ማንን እንደ ጠየቀ መመልከት ያስፈልጋል። ግሪዮል ያሳተመው፣ ስትረልሲንም በመጀመሪያው ክፍል የመረመረው ጽሑፍ ነው። የመድኃኒት መጽሐፍ ደግሞ የባለሞያው የግል ማስታወሻ ነው። እጥር ምጥን ብሎ የተጻፈውም ባለቤቱ የቀረውን በቃሉና በእጁ ስለሚያውቀው፣ ምስጢሩንም ለሌላ ለመግለጥ ስለማይፈቅድ ነው። ቍስል ግን ወደ ደብተራ ከመድረሱ በፊት በጓዳ ይታከማል። እናት፣ አያት፣ ጎረቤት፣ በገበሬው ቤትም የከብቱን ገጣባ የሚያጥበው እረኛ፣ ሁሉም የየራሳቸው ዕውቀት አላቸው፤ መጽሐፍ ግን የላቸውም። በኋለኛው ዘመን የተነሡት ሰብሳቢዎች በየመንደሩ ቢዞሩም አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁት በመድኃኒት ዐዋቂነት ስም የወጣላቸውን ወንዶች ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በዐድዋ የእንዶድን ቀንድ አውጣ ገዳይነት የደረሱበት፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ የሞቱትን ቀንድ አውጣዎች ተመልክተው ነው። ነገሩ ቍስልን ባይመለከትም ትምህርቱ ለዚህም ይሆናል፤ ሥራው በሚሠራበት ቦታ ተገኝቶ ማየት ከቃለ መጠይቅ የማይገኘውን ይሰጣል።

አንድ ዕፅ በጽሑፍ ከገባ በኋላ የሚደርስበትን ደግሞ የዋጊኖስ ታሪክ ያስረዳል። ጄምስ ብሩስ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ይህን ዕፅ የተቅማጥ መድኃኒት አድርጎ አስተዋወቀው፤ የላቲን ስሙም ከብሩስና ከተቅማጥ ጋር አያይዞት ቀረ። በአገሩ ግን ፍሬው ተወቅጦ በቅቤ እየተለወሰ ለቈዳ ደዌና ለቍስልም ይቀባል። ስሙም ራሱ ያሳስታል፤ በአንዳንድ ቦታ ዋጊኖስ አባሎ ሲባል፣ በሌላ ቦታ ደግሞ አባሎ የሚባለው ፈጽሞ ሌላ ዛፍ ነው። በ1973 ኩፕቻንና የሥራ ባልደረቦቹ ከዚሁ ዕፅ ብሩሴያንቲን የተባለውን ንጥረ ነገር አውጥተው በእንስሳት የደም ነቀርሳ ላይ ብርቱ መሆኑን አሳዩ፤ በሰው ሕሙማን ሲሞከር ግን የተጠበቀውን ውጤት አላስገኘም። ከዚህ ሁሉ ድካም በኋላም በቅቤ የሚለወሰው ፍሬ ቍስልን ያድናል ወይስ አያድንም የሚለው የጓዳ ጥያቄ እንደ ተጠየቀ አለ። ዛሬ በየቤተ ሙከራው የሚደረገውም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ቅጠሉ በሜታኖል ተዘፍዝፎ ጭማቂው በባክቴርያ ላይ ይሞከራል፤ በጓዳ ግን ማንም ቅጠል በሜታኖል አይዘፈዝፍም። ፈተናው ቢሳካም ባይሳካም፣ የተፈተነው ባለሞያዋ የሠራችው መድኃኒት አይደለም።

የዝርዝሮቹ ጠበቃ ሁለት መልስ ሊሰጥ ይችላል። አንደኛው፣ የጽሑፍ መርማሪ ግዴታ ጽሑፉን በትክክል ማቅረብ እንጂ ሕክምና መፈተን አይደለም የሚል ነው። ይህ እውነት ነው፤ የስትረልሲንም ድካም በዚህ ሚዛን ሲመዘን ክብሩ የማይቀነስ ነው። ሁለተኛው፣ መጀመሪያ ዕፁ ይታወቅ፣ የቀረው በኋላ ይደርሳል የሚል ነው። ይህ መልስ በዘመኑ ያስኬድ ነበር። የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋት መዝገብ በ2009 ከተፈጸመ ወዲህ ግን የዕፁን ማንነት ማረጋገጥ ከቀድሞው እጅግ ቀሏል። ማንነቱ ሳይታወቅ የቀረው ቍስሉ ነው።

ነገሩ የሊቃውንት ክርክር ብቻ ሆኖ አይቀርም። የመንጋጋ ቈልፍ ጀርም በአፈርና በእበት ውስጥ ይኖራል፤ አፈር የነካው ቅጠል በእሾህ በተወጋ ጥልቅ ቍስል ወይም በአራስ ሕፃን እትብት ላይ ሲደረግ ሞት ሊያስከትል ይችላል። ያው ቅጠል በላይኛው ቈዳ ላይ ባለ ጭረት ሲደረግ ምንም ላይጐዳ ይችላል። «ለቍስል» የሚለው ቃል ሁለቱን አይለይም፤ ከመጽሔት ወደ መማሪያ መጽሐፍ፣ ከዚያም ወደ ገበያ ሲሻገር አደጋውን ይዞ ይሻገራል። በሌላ በኩል ደግሞ ይህን አደጋ ያየ ሐኪም የጓዳውን ዕውቀት በሙሉ ቢንቅ፣ ጥፋቱ ካልተሟላው መዝገብ ይጀምራል።

ስለዚህ የወደፊቱ ሰብሳቢ ከዕፁ ናሙና ጋር የቍስሉን ዓይነትና ደረጃ በተናጋሪው ግሥ፣ የተወሰደውን ክፍልና መጠኑን፣ የተለወሰበትን ነገር፣ የቀኑን ብዛትና የክልከላውን ቃል ሊመዘግብ ይገባዋል። ሦስት ቀን ወይም ሰባት ቀን የሚለውንም እንደ ልማድ ብቻ ቈጥሮ ሊተወው አይገባም፤ የመድኃኒቱን ልክ የያዘ ሊሆን ይችላልና። ከሁሉ በላይ ግን እስከ ዛሬ በዝርዝሮቹ ውስጥ ስፍራ ያጡትን፣ ተቀብተው ያልዳኑትን ሰዎች መጻፍ አለበት። የዳኑት ብቻ በተቈጠሩበት መዝገብ የማያድን ቅጠል አይገኝምና።