የማያብረቀርቅ ጥቁር

አስኮ ዋናው መንገድ ዳር፣ ላቫጆ ላይ የቆመ ነጭ ዲኤክስ ኮሮላ እንውሰድ። ቀለሙ ታድሷል፤ ሞተሩም ወርዶ ተሠርቷል። ዕድሜውን የሚያሳብቁበት ፓራውልቱ፣ የስፖኪዮው ቤትና በበሮቹ ወገብ ላይ የተዘረጋው ጥቁር ፕላስቲክ ናቸው፤ አመድ መስለዋል።

ጥፋቱ የፀሐይ ነው። ፋብሪካው ከፕላስቲኩ ጋር ጥላሸት የሚቀላቅለው ለመልኩ ብቻ አይደለም፤ ጥላሸቱ አልትራቫዮሌት ጨረርን ውጦ ፕላስቲኩን ይጠብቃል። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ጨረሩ በ10 በመቶ ገደማ ይበረታል። ከዓመታት በኋላ የፕላስቲኩ ገጽ ይሰነጣጠቃል፣ ይደቅቃልም። ብርሃን በእነዚያ ዓይን በማያያቸው ስንጥቆች ላይ ሲበተን ጥቁሩ ግራጫ ሆኖ ይታያል። ናፍታ ወይም የጫማ ቀለም ሲቀባ ወዲያው የሚጠቁረውም ለዚህ ነው፤ ቅባቱ ስንጥቁን ይሞላል እንጂ ፕላስቲኩን አያድነውም። ናፍታማ የመስኮቱን ጎማ አሳብጦ ያበላሸዋል።

የጎበዝ ባለሙያ እጅ የሚለየው ገና ቀለም ሳይነካ ነው። መጀመሪያ በሳሙናና በብሩሽ ያጥባል፤ ብሩሹም የፕላስቲኩን ሸካራ መስመር ተከትሎ ይሄዳል። ቀለም የወለወለ ሰው የረሳው ሰም በጠርዙ ላይ ነጭ ሆኖ ደርቆ ከተገኘ በጥርስ ብሩሽ ይለቀማል። ቀጥሎ አልኮል በነካ ጨርቅ የቆየውን ቅባት ያነሳል፤ ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ እስኪመለስ ድረስ ይደጋግማል። ከበሩ እጀታ ሥር ያለችውን ጎድጓዳ፣ ጥፍር የሚፍቃትን ቦታ፣ ቸኩሎ አያልፋትም። ውሃ ከስንጥቁ እስኪወጣ ይጠብቃል።

ከዚያ በኋላ ነው የወረቀት ፕላስተሩ የሚለጠፈው፤ ነጩ ቀለም ከጥቁሩ በሚለይበት መስመር ላይ ቀጥ ብሎ። መከላከያ ቀለሙ በስፖንጅ ስስ ሆኖ ይቀባል፣ ትርፉ ይጠረጋል፣ ሲደርቅ ይደገማል። ሥራው በጥላ ነው፤ በጋለ ፕላስቲክ ላይ ቅቡ ሳይዳረስ ይደርቃልና። በእሳት የሚያሞቁም አሉ። ሙቀቱ ገጹን አቅልጦ ስንጥቁን ይደፍናል፣ ጥቁረቱም ይመለሳል፤ እጅ ትንሽ ከዘገየ ግን የፋብሪካው ሸካራነት ሟሙቶ ይቀራል፤ እሱን የሚመልስ ቅባት የለም።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለአሮጌ መኪና መሆኑ አይግረመን። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ማስገባት እጅግ አስወድዷል፤ በ2016 ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ተከልክሏል። በእጅ ያለው ዲኤክስ ገና ብዙ መንገድ ይጠበቅበታል።

ጥሩ ሥራ ሲያልቅ አያብረቀርቅም። የሚያብረቀርቀው በላዩ የተንሳፈፈ ቅባት ነው፤ በጣት ሲነካ ያጣብቃል፣ አቧራም ይሰበስባል። የዳነው ፕላስቲክ ግን ደረቅ፣ ደብዛዛና እኩል ጥቁር ነው፤ ሸካራነቱም ከጣት በታች ይሰማል። ልዩነቱን የሚያወጣው የክረምቱ ዝናብ ነው። ቅባት ብቻ ከሆነ፣ ከስፖኪዮው ሥር በነጩ በር ላይ ጥቁር መስመር እየጎተተ ይወርዳል። ባለሙያ የሠራው ከሆነ ከበሩ ላይ የሚወርደው ውሃ ብቻ ነው። ስለዚህ ገንዘብ ከፍላችሁ ስትረከቡ ጥቁረቱን ሳይሆን በሩን እዩ፤ ከተቻለም ዝናብ በዘነበ ማግስት።